የሃያ ሁለቱ ማሊያ ጥልፍ

አንድ ኳስ የማይችል ሰው ነበረ።

ቆይ፣ አትቸኩይ ትርንጎ፤ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። አባትሽን የትውልድ ቀዬው ለማድረስ የትኛው መኪና እንደሚረክስ ነው የጠየቅሽኝ። እመጣበታለሁ። እስከዚያ ያን ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ።

ይህ ሰው ኳስ አይችልም ስልሽ ትንሽ ይከብደዋል ማለቴ አይደለም። ቆማ የምትጠብቀውን ኳስ ስቶ አፈር የሚመታ ሰው ነው። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቷል፤ ቦርጩም ከሱ ቀድሞ ነው ሜዳ የሚገባው። እንዲያም ሆኖ እሁድ እሁድ ጠዋት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው ሜዳ በሚጫወት የጤና ቡድን ውስጥ ነበረ። የጤና ቡድን መቼም ታውቂያለሽ፤ ሐኪም «ተንቀሳቀሱ» ያላቸው አባወራዎች ተሰብስበው የሚሯሯጡበት፣ ከሩጫው ጭቅጭቁ የሚበዛበት።

ወደ ቡድኑ ያስገቡት መሥራቹ ጋሽ ደምሰው ናቸው። ሌሎቹ «ይሄንን ምን እናደርገዋለን?» ብለው ነበር። ጋሽ ደምሰው ግን «የጤና ቡድን አይደል እንዴ? እሱ ደግሞ ከሁላችሁም በላይ ጤና ያስፈልገዋል» አሉና ሃያ ሁለት ቁጥርን ሰጡት፤ የመጨረሻዋን። በዚያ ዓመት ሚስቱ ሞታበት ነበር። እሁድ ጠዋት ከቤት ወጥቶ የሚሄድበት ቦታ ማግኘቱ ምን ያህል እንዳቆመው እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ደምሰውን እንደ አባቱ ይወዳቸዋል።

ለሁሉም ቁጥር የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ፤ አንዴ ከሰጡ ደግሞ አይቀየርም። ጨዋታው ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ወደ አግዳሚው ወንበር እየሄዱ ይጨብጧቸዋል። እሳቸውም ለያንዳንዱ አንዳንድ ቃል አላቸው፤ ለአንዱ ምስጋና፣ ለአንዱ ስድብ፣ ለአንዱ «ሚስትህ ተሻላት?»። ሃያ ሁለት ቁጥር ሲደርስ «ዛሬስ ኳሷን አገኘሃት?» ይሉታል። ሁሉም ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። ከሰባቱ ቀን ሁሉ የሚወዳት ያቺን ደቂቃ ነበር።

እንግዲህ ቡድኑ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው ጋሽ ደምሰው ሁሉንም ሰበሰቡ። በዚያ ሰሞን ጥቁር መነጽር ማድረግ ጀምረዋል፤ የፀሐይ ነው ብለዋል።

«ለበዓሉ አዲስ ማሊያ ልታሠሩ ነው አሉ» አሉ። «አንድ ነገር ልለምናችሁ። ደረቱ ላይ ጥልፍ ይሁንበት። ህትመት አይደለም፤ ጥልፍ።»

«እሺ ጋሼ!» አለ ሁሉም ባንድ አፍ።

ለምን ብሎ የጠየቀ አንድ የለም። እንዴት ተደርጎ ይጠየቃል? ሃያ ዓመት ምንም ያልለመነ ሽማግሌ አንድ ነገር ቢለምን «ለምን?» ማለት ገንዘብ ሰስተናል ማለት አይሆንም? ይሉኝታ ያዛቸው። ይሉኝታ መቼም የኛ ነገር ነው፤ አክብሮት መስሎን አፋችንን እንዘጋለን፣ ከዚያ በየፊናችን ስንገምት እንከርማለን።

ማሊያውን የማሠራቱ ነገር ለሃያ ሁለት ቁጥር ተሰጠ። «ኳሱ ባይሆንልህ ይሄ አይጠፋህም» አሉት። መዋጮው ከደሞዝና ከጡረታ ተቆንጥሮ የመጣ ነውና ብዙ አይደለም። «በርካሽ፤ ግን ጥልፍ» ብለው ሸኙት። እሱም ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ጋሽ ደምሰውን ደስ ማሰኘት ለሱ ተሰጠ እኮ!

የመጀመሪያው ሱቅ የጥልፍ ማሽን ያለው ጎልማሳ ቤት ነበር።

«ጥልፍ ፈልጌ ነበር» አለው።

«ስንት ልብስ?»

«ሃያ ሁለት ማሊያ።»

«ምን ይጠለፍበት?»

ለሰውየው ምን ይጠለፍ እንደሆነማ ማን ነገረው? «ጥልፍ ነዋ!» አለ። ባለ ማሽኑ ሥራውን ትቶ ትክ ብሎ አየውና «ወንድሜ፣ ዓርማህን ይዘህ ና» አለው።

ዓርማ የላቸውም። ስለዚህ ቡድኑን ሊጠይቅ ዞረ። ፋርማሲስቱ «ኳስ ይደረግ፣ ዙሪያውን የወይራ ቅጠል» አለ። መምህሩ «የተመሠረተበት ዓመተ ምሕረት ካልገባ ዋጋ የለውም» አለ። ሹፌሩ የሠፈሩ ስም በትልቁ እንዲጻፍ ፈለገ፤ ግንበኛው ደግሞ ተራራ ይሳል አለ፤ ተራራው ከየት እንደመጣ እንጃለት፤ ሠፈራችን እንደሆነ ሜዳ ነው። ሰውየው ለሁሉም «እሺ» እያለ በወረቀት ጻፈ። ጋሽ ደምሰውን ለመጠየቅ አንድ ሁለቴ አሰበ። ከዚያ «ይህን ያህል ቀላል ነገር አቅቶት መጣ እንዳይሉኝ» ብሎ ተወው።

ወረቀቱን ይዞ ሁለተኛ ሱቅ ገባ። እዚያ ያለችው ልጅ ሥዕሉን አየች፣ ኮምፒውተሯን ነካካች፣ «የዚህ ሠላሳ ሺህ ስፌት ይሆናል» አለችው።

«ማን ቆጠረው?»

«ኮምፒውተሩ። እኛ የምናስከፍለው መርፌው በወጋ ልክ ነው። ደግሞ ዲዛይኑን ወደ ማሽን ለመቀየር አንድ ጊዜ የሚከፈል አለ። ሃያ ሁለት ከሆነ ይወደድብሃል፤ መቶ ብታደርገው ያንዱ ዋጋ በጣም ይወርዳል።»

«ሃያ ሁለት ሰው ነን እኮ!»

«ገባኝ። ግን መቶ ቢሆን ይረክሳል።»

ይሄኔ ጭንቅላቱ ዞረ። ትንሽ ላሠራ ስል ይወደዳል፣ ብዙ ላሠራ ስል ሰው የለኝም፤ ይሄ ምን ዓይነት ሂሳብ ነው እያለ ወጣ። አውቶቡስ ውስጥ ሰባ ስምንት ሰው ከየት እንደሚያመጣ ሲያሰላ መውረጃው አለፈው። ወይ ጉድ! ምስኪን።

በሌላው ቀን ሰዎች ያመላከቱት አንዲት በእጇ የምትጠልፍ ሴትዮ ቤት ሄደ። ሴትዮዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ኳስ፣ ቅጠል፣ ተራራ፣ ዓመተ ምሕረት።

«ማን ነው የሚያየው?» አለችው።

«ቡድኑ ነዋ የሚለብሰው። መሥራቻችን ጥልፍ ይሁን ብለው ነው።»

«የሚለብሰውንማ ነገርከኝ። የሚያየው ማን ነው? ጥልፍ አሠሩ ያላችሁ ሰው ምን ሊያደርግበት ነው?»

ሰውየው ተቆጣ። ዋጋ ቢጠይቃት ሌላ ጥያቄ ጠየቀችው። «እትዬ፣ እኔ የመጣሁት ስንት እንደሆነ ልሰማ ነው» አላት። «እንግዲያው እኔም አላውቀውም» አለችው። ምን ዓይነት ነገረኛ ናት ብሎ ወረቀቱን ነጥቆ ሄደ። አልዋሸም፤ እስከ ዛሬም ነገረኛ ነኝ።

አዎ፣ እኔ ነበርኩ። ምን ያስቅሻል?

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ የባሰው መጣ። በወፍጮ ቤቱ በኩል ሲያልፍ ጋሽ ደምሰው ጃንጥላቸውን እየተመረኮዙ በትይዩ ሲመጡ አያቸው። ደንገጥ አለ፤ ሥራው ከምን ደረሰ ይሉኛል ብሎ ፈርቷል። ቆቡን አውልቆ፣ መንገድ ለቆ፣ በአክብሮት ዝቅ ብሎ እጅ ነሣቸው። ጋሽ ደምሰው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ራሳቸውን እንኳ ሳይነቀንቁ፣ አጠገቡ አልፈውት ሄዱ።

ሰውየው ጎንበስ እንዳለ ደርቆ ቀረ። እንዴት ነው ነገሩ? አይተውኛል፤ ከፊታቸው ነው የቆምኩት። ተቀየሙኝ ማለት ነው። ምን አጠፋሁ? መዘግየቴ ነው? ለማሽኑ ሰውዬ የተናገርኩትን ሰምተው ይሆን? ወይስ ፋርማሲስቱ አሳበቀብኝ? ቤቱ እስኪደርስ አንዱን ጥፋት ሲያነሣ ሌላውን ሲጥል ሄደ። ምሳውን አቅርቦ አልበላም። ሆዱ ባሰው ትርንጎ፤ ከሚስቱ ሞት በኋላ ያቆሙት ሰው ፊት ነሡት ብሎ አመነ። ከዚህ በኋላማ እሳቸው ዘንድ ሄዶ መጠየቅ ከቶ የሚታሰብ አልሆነም፤ እሁድ እሁድም ጨዋታው ሲያልቅ ሰልፉን ሸሽቶ መሄድ ጀመረ።

አሁን የቀረው አንድ መላ ነው፤ ማሊያው እጅግ አምሮ መገኘት አለበት። ሲያዩት ቂማቸው ይለቃል ብሎ ገመተ። እንዲህ ሲባዝን አንድ የህትመት ቤት ደረሰ። የህትመት ቤቱ ሰው ነገሩን ሁሉ ሰምቶ ሳቀ።

«በከንቱ ደክመሃል» አለው። «ጥልፍ የሚመስል ህትመት አለኝ።»

ናሙና አወጣለት። ወይኔ! ክሩ አንድ በአንድ ይታያል፣ ጥላው ሳይቀር ተስሏል። ካንድ እርምጃ ላይ ሆነሽ ብታይው ጥልፍ አይደለም ብሎ የሚምል ሰው አይገኝም። ኳሱም፣ ቅጠሉም፣ ተራራውም፣ ዓመተ ምሕረቱም ይገባል፤ ቁጥሩም ከሥሩ። ዋጋው ደግሞ መዋጮው የሚችለው። ሰውየው ትንሽ አመነታ። «ጥልፍ ነው ያሉኝ» አለ። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አለው ባለ ህትመቱ። አሁንስ የትኛው ጥልፍ፣ የትኛው ህትመት እንደሆነ ለሱም ጠፋበት። ከፈለና አዘዘ።

ማሊያው ሲመጣ ቡድኑ በደስታ ፈነጠዘ። «አንተ ሰው! ይህንን ሁሉ ጥልፍ በዚህ ዋጋ?» እያሉ ትከሻውን መቱት። እውነቱን ሊነግራቸው ነበር፤ ግን ደስታቸው አሳዘነውና ዝም አለ። ይኸው ደግሞ ይሉኝታ።

የበዓሉ ዕለት ሜዳዋ ጢም አለች። ሞንታርቦ ተተክሎ ዘፈን ይጮሃል፤ ሚስትና ልጅ ሁሉ መጥቷል። ሃያ ሁለት ቁጥር ለአሥር ደቂቃ ገብቶ አንድ ኳስ ሳይነካ ወጣ። ጨዋታው አልቆ እንደ ልማዳቸው ተሰለፉ። ጋሽ ደምሰው ግን በዚያን ቀን አልተቀመጡም። ቆመው ጠበቁ።

መጀመሪያ የደረሰው ግብ ጠባቂው ነበር። እጁን ዘረጋ። ጋሽ ደምሰው እጁን አልጨበጡም፤ መዳፋቸውን ደረቱ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ጣታቸው መሄድ ጀመረ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እስከ ኮሌታው ወጣ፣ ተመልሶ ወረደ።

«ጥልፉ... አልደረሰም እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ኧረ ጋሼ፣ ይኸው እኮ!» አለ ግብ ጠባቂው።

«እ... አዎ፣ አዎ። ያምራል። እንኳን አደረሰህ።»

ሁለተኛው መጣ። ጣታቸው ደረቱ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። «እንኳን አደረሰህ።» ሦስተኛውም እንዲሁ። ምስጋና የለ፣ ስድብ የለ፣ «ሚስትህ ተሻላት?» የለ። ለሁሉም አንድ ቃል ብቻ። ሰዎቹ በዓሉ ሆዳቸውን አባብቶት ነው አሉ። ከሰልፉ ጫፍ የቆመው ሃያ ሁለት ቁጥር ግን ዓይኑን ከጣታቸው ላይ መንቀል አቃተው። ምን ይፈልጋሉ? ምን ጠፋባቸው?

ተራው ደረሰ። መዳፋቸው ደረቱ ላይ አረፈ። ጣታቸው በዚያ በተሳለው ክር ላይ ወዲያ ወዲህ ሲንሸራተት ተሰማው፤ የሚይዘው ነገር አጥቶ። ከዚያ እጃቸውን መለሱ።

«እንኳን አደረሰህ» አሉት።

ኳሷን አገኘሃት ወይ አላሉትም። ይህ አንጀቱን በላውና እስከ ዛሬ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ጥልፍ ለምን ነበር ያሉን?»

ጋሽ ደምሰው ራሳቸውን ወደ ድምፁ ዘወር አደረጉ። «ሃያ ሁለት? አንተ ነህ እንዴ?»

«ከፊትዎ ቆሜ፣ ጋሼ!»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ዓይኔ እኮ አለቀ፣ ልጄ» አሉት። «ብርሃንና ጥላ ነው የቀረኝ። መንገዱን እግሬ ለምዶት ነው የምመጣው። ሃያ ዓመት የጨበጥኩትን ሰው 'ማነህ?' ብዬ ለመጠየቅ አፈርኩ። ሙዚቃው ሲጮህ ደግሞ ድምፅ አልለይም። ቁጥራችሁን የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ደረታችሁ ላይ በጣቴ ካገኘሁት ማን እንደሆናችሁ አውቃለሁ ብዬ ነው። ቁጥሯን ብቻ። ይህችን ታህል» ብለው የአውራ ጣታቸውን ርዝመት አሳዩት።

ሰውየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። «ያኔ ማክሰኞ ዕለት ወፍጮ ቤቱ ጋ እጅ ስነሣዎት አልፈውኝ ሄዱ፤ የተቀየሙኝ መስሎኝ...» አለ።

«ምን ብለህ እጅ ነሣኸኝ?»

«ምንም አላልኩም። ጎንበስ አልኩ።»

«አይ አንተ!» አሉ ጋሽ ደምሰው። «ጎንበስ ማለትህን በምን ልወቅ? ብትጠራኝ ኖሮ!»

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሃያ ሁለት ማሊያ በጆንያ ተሸክሞ ቆሟል። «እትዬ፣ ማን ነው የሚያየው ብለሽኝ ነበር» አለኝ። «የሚያየው በጣቱ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ።» ከዚያ በኋላ ምን ማብራሪያ ያስፈልገኛል? ኳሱንና ተራራውን እንዳሉ ትቼ ከላያቸው ላይ ቁጥሩን ብቻ በወፍራም ድርብ ክር ጠለፍኩ፣ ጣት እንዲያቆም አድርጌ። ክሩ ከሌላ ሥራ የተረፈኝ ነበር። ለሃያ ሁለቱ የከፈለኝ ለህትመቱ ካወጣው ሩቡን አይሞላም። አየሽ፣ ያ ሁሉ ሲባዝንለት የከረመው ርካሽ ጥልፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ። እኔንም አልምርም፤ ተቆጥቶ ሲወጣ «ና ተመለስ» ማለት ነበረብኝ፣ ኩራት ያዘኝ።

ከበዓሉ በኋላ በሦስተኛው እሁድ እኔም ሜዳ ወረድኩ። በዕድሜዬ ኳስ አይቼ አላውቅም። ሰልፉን ቆሜ ተመለከትኩ። ጣታቸው ግብ ጠባቂው ደረት ላይ ሲያርፍ ፊታቸው ሲበራ አየሁ። «አንድ ቁጥር! አንተ ሰነፍ፣ ያችን ኳስ እንዴት ታሳልፋታለህ? ስትገባ ሰምቻታለሁ!» አሉት። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። «ሰባት፣ ሚስትህስ ወለደች?» ሰልፉ ሁሉ እንዲህ እየሆነ አለቀና የመጨረሻው ቀረ። ሁለቱን ቁጥር አንድ በአንድ ዳሰሷቸው፤ አውቀው ነው መሰለኝ ቀስ አሉ።

«ሃያ ሁለት» አሉ። «ዛሬስ ኳሷን አገኘሃት?»

ሌላው ሁሉ ሳቀ። እሱ መሳቅ አልቻለም፤ ትከሻቸው ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

እንግዲህ ወዳንቺ ልምጣ፣ ትርንጎ። አባትሽ «አገሬን አሳዩኝ» አለሽ። አንቺም እሺ አልሽ፤ ጥሩ ልጅ ነሽ፣ ይሄን አልክድሽም። ከዚያ ላንድክሩዘሩ ይሻላል አለሽ ወንድምሽ፣ ሚኒባስ ይበቃል አለች እህትሽ፣ አንዱ ደላላ ደግሞ አሥር ሰው ብትሞሉ ይረክሳል ብሎሽ ከየት አሥር ሰው እንደምታመጪ ስታሰሊ ከረምሽ። ሰውዬዬን ነው የሆንሽብኝ፣ ቁርጥ እሱን! የሦስት መኪና ዋጋ በቃልሽ ይዘሻል። አባትሽ እዚያ ሄዶ ምን ሊያደርግ እንደፈለገ ግን ታውቂያለሽ?

አታውቂም አይደል?

ምናልባት የእናቱን መቃብር ሊሳለም ነው። ምናልባት የተጣላውን ወንድሙን ድምፅ ሊሰማ ነው፤ እሱ ከሆነ መኪና ሳይሆን ያ ያስቀመጥሽው ስልክ ይበቃዋል። እኔ እንጃ፤ እኔ ጥልፍ ጠላፊ ነኝ። አንቺም አታውቂም፤ እህት ወንድሞችሽም አያውቁም፤ ሁላችሁም አክብራችሁት ጎንበስ ብላችኋል፣ እሱም በአጠገባችሁ እያለፈ ነው።

በይ ተነሺ። ዛሬ የማንንም ዋጋ አትጠይቂ። ቤትሽ ግቢና አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ጥሪው።